«ሲስተም የለም» ወይስ ክፍል የለም?

በዚህ ዓመት «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! በባንክ መስኮት፣ በክፍለ ከተማ ኮሪደር፣ በሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ ይቺን ሁለት ቃል ሰምተን «ነገ እንመለሳለን» ብለን ወጥተናል። ቃሏ ተአምር ሠሪ ናት፤ ማንንም ተጠያቂ አታደርግም። ሲስተም እንደ ዝናብ ሆኖብናል፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ተሰላፊውም የሚራገመውን አያጣም፤ ወይ ኔትወርኩን ነው ወይ መብራቱን።

እኛ ዛሬ ሌላ ተጠርጣሪ ይዘን መጥተናል፤ ክፍሉን።

የቱን ክፍል? በየመሥሪያ ቤቱ ስዊቹ፣ ራውተሩ፣ ሰርቨሩና ዩፒኤሱ የሚቀመጡበትን። አንዱ ጋ ደረጃ ሥር ያለች ጥግ ናት። ሌላው ጋ የዕቃ ማከማቻ ናት፤ የተሰበረ ወንበር፣ የቆየ ፋይልና መወልወያ ከራኩ ጋር በደባልነት ይኖራሉ። በሩ ላይ ግን «ሰርቨር ሩም» ተብሎ ተለጥፏል። ሙሽራ ጠርቶ ጫጉላ ቤት አለማዘጋጀት ይሏል ይሄ ነው! ለዕቃው ጨረታ ይወጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የውጭ ምንዛሪ ይለመናል። ክፍሉ ግን የበጀቱ የእንጀራ ልጅ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? ነገሩ ከሙቀት ይጀምራል። ወደ ዕቃው የሚገባው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አንድ ኪሎዋት የሚወስድ ራክ ላይ በር መዝጋት ማለት አንድ ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ በርና መስኮት ቆልፎ መሄድ ማለት ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ እሑድንም ጨምሮ። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ወደ ዕቃው የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይመክራል።

«አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት፤ ምን ሙቀት አለ?» የሚለን አይጠፋም። ብርዱ ያለው ውጪ ነው፤ ምድጃው ያለው ውስጥ። ደግሞም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። የዕቃው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ለዚህም ነው የበርካታ ስዊቾች መመሪያ እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ 45 ዲግሪ የሚፈቅድለትን ዕቃ ከዚያ በላይ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ወደ 40 ዲግሪ ዝቅ የሚያደርገው። መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ካርቶኑ ደግሞ ራኩ አናት ላይ ተጭኗል!

ሙቀት ዕቃን ወዲያው አይገድልም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ቀስ ብሎ ነው። የተለመደው የዩፒኤስ ሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አምስት ዓመት ይቆያል የተባለው በሁለት ዓመት ተኩል ይሞታል። ከዚያ «ድሮም ዕቃው አይረባም ነበር» ተብሎ ሌላ ጨረታ ይወጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ስዊቹን ይዞ ይቆያል፤ ኤሲው ግን ዩፒኤስ ላይ ስላልሆነ ቀጥ ይላል። ምድጃው እንደነደደ መስኮቱ ተዘጋ ማለት ነው። መብራት ሲመለስ ደግሞ በራሱ የማይነሣ ኤሲ ሰው ሪሞት እስኪጫንለት ይጠብቃል። ነገሩ የተፈጠረው አርብ ማታ ከሆነስ? እስከ ሰኞ ማነው የሚጫንለት?

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2022 ለንደን ከ40 ዲግሪ በላይ በሞቀችበት ዕለት የጋይስና ሴንት ቶማስ ሆስፒታሎች ሁለቱ የመረጃ ማዕከሎች ሙቀቱን መቋቋም አቅቷቸው ሥራ አቆሙ። ሐኪሞች ወደ ወረቀት ተመለሱ፣ ቀጠሮዎች ተሰረዙ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ። ለንደንን ለመጣል ታይቶ የማይታወቅ ሙቀት አስፈልጓል። የእኛን ደረጃ ሥር ያለች ክፍል ለመጣል ግን አንድ የተዘጋ በር ይበቃል።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። ግን እስኪ እናስላው። ስዊቹ በዶላር ነው የሚገዛው፤ ክፍሉ በብር ነው የሚሠራው። ደህና ክፍል የሚፈልገው ግንበኛ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ቁልፍና ሥርዓት ነው። ከሕንፃው መሐል ይሁን፤ የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ አይሄድምና። ከመጸዳጃ ቤትና ከውኃ ታንከር ሥር አይሁን። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው መስኮት አይኑረው። ራኩ ከፊትም ከኋላም አንድ ሜትር ያህል መቆሚያ ይተውለት። ኤሲው ራኩ አናት ላይ አይሰቀል፤ ያንጠባጥባል። መስመሩ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተሠራ ኧርዝ ይኑረው፤ በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አይቀጠል። ለእሳት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ይቀመጥ። መወልወያው ደግሞ ሌላ ቤት ይከራይ!

«መብራቱ ራሱ ከጠፋ ክፍሉ ምን ይፈይዳል?» ለሚለንም መልስ አለን። የመብራቱን ችግር ክፍሉ አይፈታም። መብራት ተመልሶ ሲስተሙ የማይመለስበትን ሰዓት ግን ያሳጥራል። ከገጠር ተሳፍሮ መጥቶ ካርድ ክፍል ደጃፍ ለተቀመጠው ታማሚ ያቺ ሰዓት ትንሽ አይደለችም፤ የዕለቱን የመመለሻ መኪና የምታስቀር ሰዓት ናት።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘውን ስትራቴጂ አጽድቋል። ከዚያ በፊትም ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ለማገናኘት ተዘርግቶ ነበር። በየመድረኩ የምንሰማው ስለ መስመሩና ስለ ሶፍትዌሩ ነው። የሁሉም መጨረሻ ግን አንዲት ክፍል ናት፤ እዚያች ክፍል ውስጥ የተቀበረ ዲጂታል ዕቅድ ደግሞ ስም እንጂ አገልግሎት አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። ክፍሉ ተዘጋጅቶ በባለሙያ ሳይታይ ዕቃው አይገባ፤ ይህም በጨረታው ሰነድ ላይ ይጻፍ። አርክቴክት የሆናችሁ፣ ፕላኑ ላይ ያቺን ክፍል አትርሷት። አይቲ የሆናችሁ ደግሞ ክፍሉ ሳይሟላ ርክክብ ላይ አትፈርሙ። አለቃ ይቆጣል? ይቆጣ! የጎደለውን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውንም ያዙ። ሲስተሙ በወደቀ ዕለት ከእንቅልፍ የሚቀሰቀሰው አለቃው ሳይሆን እናንተ ናችሁና።

ወረፋ ላይ የምንቆመው ደግሞ በሚቀጥለው «ሲስተም የለም» ስንባል ዝም ብለን አንመለስ። በትሕትና እንጠይቅ፤ «ይቅርታ፣ ሰርቨር ሩሙ አሁን ስንት ዲግሪ ነው?»