የኤሌክትሪክ መኪና ድጎማው እኛም ዘንድ ይድረስ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

እንደሚታወቀው መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎችንና ገጣጣሚዎችን መደገፍ ከጀመረ ሰንበት ብሏል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን። በ2022 ገንዘብ ሚኒስቴር ለነዚህ መኪናዎች የተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አነሳ። ተሠርቶ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ የሚመጣው ግን ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ። በ2024 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ።

በኛ በኩል አሳቡን ጥሩ ነው እንላለን። ሥራው እዚሁ አገር በተሠራ ቁጥር ቀረጡ ይቀንሳል፤ ልጆቻችን ዛሬ ብሎን ማጥበቅ ቢጀምሩ ነገ ሙያው ይገባቸዋል። ማራቶን ሞተር በ2020 የሃዩንዳይን የኤሌክትሪክ መኪና አገር ውስጥ ገጣጥሞ አሳይቷል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ ግን የገዛ ወንዛችን ነው። ስለዚህ ድጎማው ይቅር ከሚሉት ጋር አንስማማም።

ነገር ግን ያልተከፈለው ቀረጥ የማን ገንዘብ ነው? የሁላችንም ነው እኮ! ቆቃ በ1960፣ ከዚያም አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት መብራት ማመንጨት የጀመሩት በዚሁ በአዋሽ ውሃ ነው። ታዲያ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆንብን እንሠጋለን።

ከአዲስ አበባ በአዋሽ ሰባት ኪሎ በኩል ሰመራ ለመድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ አንዴ ከተሞሉ 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ነው። በኛ ሙቀት ማቀዝቀዣው ሲከፈት ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ባትሪም ሐሩር አይወድም። መንገድ ላይ መሙያ ከሌለ መኪናው የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደግሞስ ከመካከላችን አውቶሞቢል የሚገዛ ስንት ሰው አለ? እኛ የምንሳፈረው ባጃጅና ሚኒባስ ነው።

አንዳንዱ «ኤሌክትሪክ በቆላ አይሆንም» ይላል። ከ2018 ጀምሮ የጅቡቲው ባቡር በኤሌክትሪክ እየተጎተተ በአዋሽ በኩል ያልፋል። መስመሩ ስለተዘረጋለት ነው የሆነው፤ ለመኪናውም ከተሠራለት ይሆናል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦

1ኛ. ድጎማ የሚያገኝ ገጣጣሚ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ የባትሪ መሙያ እንዲቆም ድርሻውን ይወጣ።

2ኛ. የከተሞቻችንን የጋራዥ ልጆች ያሠልጥን። መኪናው ተበላሽቶ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ከሆነ ምን ተረፈን?

3ኛ. ድጋፉ ከቤት አውቶሞቢል ይልቅ ለባጃጅና ለሚኒባስ ይቅደም።

ድጎማ ማለት ብድር ነው፤ የሚመለሰውም በሥራ ነው። የተሰጠው ሁሉ በየዓመቱ ይህን ያህል ተቀበልኩ፣ ይህን ያህል ሰው አሠራሁ ብሎ ለሕዝብ ይንገር። አባላት በዚህ ላይ ያላችሁን አሳብ፣ በተለይ የባጃጅ ነጂዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንድታሰሙ እናሳስባለን።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት