የሐበሻ ቀጠሮ የማያውቅ ዴስክቶፕ

ሴቻ ውስጥ ስንት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ደረጃ ሥር ተጥሎ አቧራ እየጠጣ እንዳለ የቆጠረ የለም። ብቻ ብዙ ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌዎቹን አብዛኞቹን አይቀበልም። ስለዚህ ከየቢሮው ገና ብዙ ይወጣል። “ታዲያ ምን ይደረግ?” ለምትሉን፣ እኛ አንድ ሐሳብ አለን፦ ሪል ታይም ሊኑክስ ይጫንባቸውና ወደ እንጨት ቤቶችና ወደ ብየዳ ቤቶች ይሂዱ።

“ሪል ታይም” ሲባል “በጣም ፈጣን” ማለት የሚመስላቸው ወዳጆች አሉን። አይደለም! የሐበሻ ቀጠሮን አስቡት። “ሦስት ሰዓት እንገናኝ” ያላችሁ ሰው አንዳንዴ በሰዓቱ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አራት ተኩል ላይ ብቅ ይላል። ተራው ኮምፒውተር ጠባዩ ይኸው ነው። ደብዳቤ ስንጽፍበት አንድ ፊደል ለቅጽበት ብትዘገይ ማን ልብ ይላል? የእንጨት መቅረጫ ማሽን ሞተር ግን “አንድ እርምጃ ሂድ” የሚለው ምት በጊዜው ካልደረሰው ይስታል። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ ተዛነፈ ማለት ነው። ሪል ታይም የሚባለው፣ ሥራው ቢበዛበትም የመጨረሻው መዘግየቱ ከስንት እንደማያልፍ የሚታወቅ ሥርዓት ነው።

ለጋሞ ሰው ይህን ማስረዳት እንኳ አይከብድም። የዶርዜ ሸማኔ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ ክፍቱ ሳይዘጋ መወርወሪያው ማለፍ አለበት። እጅ ፈጣን ቢሆንም ከእግር ጋር ካልተናበበ ሸማ የለም።

ይህ ነገር ሊኑክስ ውስጥ በቀላሉ አልገባም። ቶማስ ግላይክስነርና ባልደረቦቹ ወደ 20 ዓመት ገደማ ለፍተውበታል። ያን ሁሉ ዘመን ከዋናው ከርነል ውጭ የሚለጠፍ ጭማሪ ሆኖ ኖረ። በመጨረሻ መስከረም 2017 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ ወደ ዋናው ከርነል ቀላቀለው፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጣው 6.12 ለሁሉም ደረሰ። (የማዋሃጃው ጥያቄ ቪየና ላይ ወርቃማ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ በሪባን ታስሮ ነው ለሊኑስ የተሰጠው። እንደ ሽማግሌ ደብዳቤ በሉት!)

ወደ ሥራው እንምጣ። ኮምፒውተሩን ስትመርጡ በፍጥነቱ አትታለሉ። ሁልጊዜ በ10 ማይክሮሴኮንድ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ያረጀ ፔንቲየም፣ አልፎ አልፎ ከሚጠፋ ዘመናዊ ማሽን ይበልጣል። ማይክሮሴኮንድ ማለት ሴኮንድ ለሚሊዮን ተካፍላ የምትደርሰን ድርሻ ናት። ላፕቶፕ ይቅርባችሁ፤ ባትሪ ለመቆጠብ በራሱ ጊዜ እያደባ ሥራውን ያቋርጣል። ዴስክቶፑም ቢሆን ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ ኃይል ቆጣቢውንና ሃይፐር ትሬዲንግ የሚባለውን አጥፉለት። ከዚያ ዴቢያን ይጫናል፣ ዴቢያን ራሱ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው የሪል ታይም ከርነል ይጨመራል፣ በላዩ ሊኑክስ ሲኤንሲ። ሁሉም በነፃ ነው። አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ቢያዞረው ለከተማው በሙሉ ይበቃል።

ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ ነው። ከሊኑክስ ሲኤንሲ ጋር የሚመጣ የመዘግየት መለኪያ አለ። እሱን ከፍታችሁ ኮምፒውተሩን አስጨንቁት፦ ፊልም ክፈቱበት፣ ትልቅ ፋይል ገልብጡበት፣ መስኮቶቹን ወዲያ ወዲህ ጎትቱ። ለሰዓታት ተዉት። ትልቁ መዘግየት ከ20 ማይክሮሴኮንድ በታች ከሆነ ሞተሩን በቀጥታ ሊነዳ ይችላል። ከ30 እስከ 50 ቢሆንም ይሠራል፣ ቀስ ብሎ። 100 ካለፈ ሞተሩን በራሱ ምት ለመንዳት አይሆንም፣ ወደ ደረጃው ሥር ይመለስ። አማካዩን አትዩ፤ ሥራ የሚያበላሸው አንዱ የከፋው ነው። ከአራት ኮር አንዱን ለሞተሩ ሥራ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥም ቁጥሩን ያወርደዋል።

ምቱ ወደ ሞተሮቹ መንጃ የሚወጣው ድሮ ፕሪንተር በምንሰካበት ባለ 25 ቀዳዳ ሶኬት ነው። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የሌላቸው፣ ደረጃ ሥር ያሉት ግን ብዙ ጊዜ ያላቸው ነገር! ዩኤስቢ ለዚህ አይሆንም፣ እሱም ቀጠሮ አያከብርም።

“አርዱዊኖ እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?” ይሉናል። ለትንሽ መቅረጫ እውነት ነው፣ አርዱዊኖ ይበቃል። ግን ለእሱም ፋይል የሚልክለት ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ እዚሁ አለ። “መብራትስ?” ለሚለው ግን ቀላል መልስ የለንም። መብራት ሲሄድ የተጀመረው በር ይበላሻል፤ ይህን የሚያስተካክል ከርነል አልተሠራም። ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን ያቆየዋል፣ ሞተሩን ግን አያስቀጥልም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ቀይ ቁልፍም ለሶፍትዌር አደራ አትስጡ። የሞተሩን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ ይሁን። ጣት ትቆረጣለች!

የሚያሳስበን ሰው ነው። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም ባለባት ከተማ፣ ኤሌክትሪካልና መካኒካል ተምሮ ሴቻ ቡና ቤት ከሐይቆቹ ፊት ቁጭ ብሎ የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠብቅ ወጣት ስንት ነው? ከታች ሲቀላ ደግሞ የበር ጌጥ በእጁ ሲፈለፍል የሚውል አናጢ አለ። ሁለቱ አይተዋወቁም። ያንን ዴስክቶፕ መሃላቸው ብናስቀምጠው አናጢው ማሽኑ ምን እንዲቆርጥ እንደሚፈልግ ያውቃል፣ ተመራቂው እንዴት እንደሚታዘዝ ያውቃል። መተዳደሪያ የሚሆነው ወዲያው ነው አንልም፤ የመጀመሪያው በር መበላሸቱ አይቀርም፣ እንጨቱም ዋጋ አለው። ቢሆንም የተበላሸ በር ከማስታወቂያ ሰሌዳ የተሻለ ያስተምራል ብለን እናምናለን።

መጋዘን ያላችሁ የቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፣ ለመጀመሪያ ሁለት ይበቃናል። ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ መዝገባችሁን አስቀሩ፣ ቀሪውን ስጡን። ዴቢያን ያለበት ፍላሽ እኛ ጋ አለ።