ስለ ታመመ ጨቅላ ሕፃን ኵላሊት

አራስ ባለችበት ቤት ጠያቂ ሁሉ ሕፃኑ ጠባ ወይስ አልጠባም፣ አለቀሰ ወይስ ዝም አለ ብሎ ይጠይቃል። ሸና ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ልናስረዳ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ተዘነጋው ጥያቄ ነው።

ኵላሊት የደምን እድፍ አጥርቶ በሽንት የሚያወጣ፣ የሰውነትንም ውሃና ጨው የሚመጥን ብልት ነው። ጥቃቅን ማጣሪያዎቹ ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ እስከ 36 ሳምንት ገደማ ተሠርተው ያልቃሉ፤ የጠፋውም ዳግመኛ አይበቅልም። ስለዚህ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ማጣሪያው ሳይሞላ ይወለዳል። በምጥ ጊዜ የታፈነ፣ ደሙ የተመረዘ ወይም ጡት አጥቶ ሰውነቱ የደረቀ ሕፃን ደግሞ፣ ያለው ደም ለልብና ለአንጎል ሲያደላ ኵላሊቱ ደም ያጣል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራልያና በሕንድ በ24 የሕክምና ስፍራዎች በጽኑ የታመሙትን 2,022 ጨቅላ ሕፃናት መርምሮ፣ ከመቶው 30 የሚያህሉት ኵላሊታቸው ተጎድቶ እንደ ነበረ አስረድቷል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር።

የዚህ ጉዳት ክፋቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ሐኪም በደም ውስጥ ክሬአቲኒን የሚባለውን እድፍ ይለካል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በሕፃኑ ደም የሚገኘው ከእናቱ የተላለፈ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካው ቍጥር ስለ እናቲቱ እንጂ ስለ ልጁ አይመሰክርም። ስለዚህ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲሊትር 0.3 ሚሊግራም ከጨመረ ኵላሊቱ ተጎድቷል ይባላል።

ሁለተኛው መንገድ ሽንቱን መለካት ነው፤ ይህም ከትንሽ ሚዛን በቀር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ጨርቁ ደረቅ ሳለ ይመዘናል፤ ከረጠበም በኋላ ይመዘናል፤ የጨመረው አንድ ግራም እንደ አንድ ሚሊሊትር ሽንት ይቈጠራል። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በሰዓት ቢያንስ 3 ሚሊሊትር ሊሸና ይገባል። ሆኖም ታፍነው ከተወለዱት አንዳንዶቹ እየሸኑም ኵላሊታቸው ይጎዳልና አንዱ ምርመራ ሌላውን አያስቀርም።

ጉዳቱ በጊዜው የታወቀ እንደ ሆነ ሐኪሙ የሚሰጠውን ፈሳሽ ይመጥናል፤ እንደ ጄንታማይሲን ያለውን ኵላሊት ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ወይም በሌላ ይለውጣል።

ከቢስቲማ ታሞ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚላክ ሕፃን በሐይቅ በኩል አልፎ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ጨርቁን የምታየው እናቱ ወይም አያቱ ናት። እንግዲህ ልጁ የሸናበትን ሰዓት አስታውሳ ለሚቀበላት ሐኪም ትንገር፤ የላከውም ጤና ጣቢያ በመላኪያው ወረቀት ላይ ይጻፈው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልሸና ሕፃን ለሐኪም ይታይ እንጂ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም ተብሎ አይመስገን። ቅቤም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይሰጠው፤ ለእርሱ የእናቱ ጡት ይበቃዋል።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ የምታዙ አንባቢዎቻችን፣ በአካባቢያችሁ ያለው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሚዛንና የሽንት መመዝገቢያ እንዳለው ጠይቁ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።