ስለ ብስክሌት ሽርሽርና ስለ ወንዞቻችን

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ ወደ ቀየት ሄጄ ሳለሁ፥ አያቴ ባናቸውን ተከናንበው እሳት ዳር እንደ ተቀመጡ፥ በከተማ እሑድን እንዴት እንደማሳልፈው ጠየቁኝ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ብስክሌት ተከራይተን በወንዝ ዳር በተነጠፈው መንገድ ስንሸራሸር እንደምናረፍድ ነገርኳቸው። «ታዲያ የት ለመድረስ ነው?» አሉኝ። «የትም አልደርስም፤ ሄጄ እመለሳለሁ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የትም ለማይደርስ ሰው በቅሎ የሚያከራይ አላየሁም» ብለው እሳቱን ይቆሰቁሱ ጀመር።

ይኸን ጨዋታ ስመለስ ለጓደኞቼ ባወራላቸው፥ የሳቁት በአያቴ ሳይሆን በእኔ ነው። አንደኛው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነውና፥ መድረሻ የሌለው ጉዞ ጊዜን ማባከን ነው ብሎ ፈረደብኝ። ሌላዋ ደግሞ ብስክሌት የልጆችና የዕቃ አድራሾች ነገር ነው አለችኝ። ሁለቱም ግን የቅዳሜን ከሰዓት ሙሉ በካፌ ተቀምጠው ማሳለፋቸውን እንደ ብክነት አይቆጥሩትም። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አንተ ፍረድ።

በልጅነቴ በቀየት በግ ስጠብቅ የዋልኩበትን ጅረት ዓይኔን ጨፍኜ ልተርክ እችላለሁ። በጎቹ የሚሻገሩበትን ድንጋይ፥ አልቅት ያለበትን ጉድጓድ፥ በሐምሌ ሞልቶ የሚያስፈራውን መታጠፊያ ሁሉ አውቀዋለሁ። ከሁሉም ይልቅ የማልረሳው የውሃውን ሥርዓት ነው። ከላይ ከምንጩ አፍ ሰው ይቀዳል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከዚያም በታች ልብስ ይታጠባል። ይኸን ደንብ ያወጣ መሥሪያ ቤት የለም፤ በጽሑፍም አልሰፈረም። ነገር ግን አንድ እረኛ በጎቹን ከመቅጃው ላይ ቢነዳ፥ ከማዶ ያየው ሽማግሌ ሁሉ ይጮኽበታል። እኔም አንድ ጊዜ ተጮኾብኛል። ደንቡ የቆመው ሁሉም ሰው በዚያ በእግሩ ስለሚያልፍና ስለሚያይ ነው።

ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ መገናኛ በታክሲ ስመላለስ የቀበናን ድልድይ ስንት ጊዜ እንደ ተሻገርኩ አላውቅም። ሆኖም ወንዙ ከየት እንደሚነሣ፥ ወዴትም እንደሚሄድ እስካለፈው ዓመት ድረስ አላውቅም ነበር። ከታክሲ ውስጥ ሆኖ ወንዝ አይታይም፤ ድልድዩ እንኳ ድልድይ መሆኑ አይታወቅም። የነገረኝ ብስክሌቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሁለት ሐሳቦች በአንድ ዓመት መጡ፤ አንደኛው ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ የሚያደርገው «መንገድ ለሰው» ሲሆን፥ ሁለተኛው ወንዞቹን ተከትሎ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ እንዲወርድ የታሰበው ሸገርን የማስዋብ ዕቅድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦና የወዳጅነት ፓርኮች ተከፈቱ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ሲጀመር ደግሞ በየጎዳናው ዳር የብስክሌት መሥመር ይነጠፍ ጀመር፤ ቀጥሎም ከእንጦጦ በቀበና በኩል ወደ ፒኮክ የሚወርደው የወንዝ ዳር ሥራ መጣ። ስለዚህ መንገድ የለም የሚለው የድሮ ምክንያታችን አሁን አይሠራም። መንገዱ አለ። የሚሄድበት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን አብዛኛው ፎቶግራፍ ለመነሣት የመጣ ነው።

በአንድ እሑድ ጧት ሦስት ሆነን ሁለት ብስክሌት ተከራየን። ሦስት ያልተከራየነው ገንዘባችን ስላልበቃ ነው፤ ተራ በተራ አንደኛው በእግሩ ይከተል ነበር። የእኔኛው ፍሬን የሚይዘው ሲፈልግ ብቻ ስለ ነበር በግድ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ከመኪናው ጩኸት ወጥተን ወደ ወንዙ ስንጠጋ በመጀመሪያ የሰማነው ወፍ ነው፤ ቀጥሎ ያገኘን ሽታ ነው። አበባውም፥ መብራቱም፥ ድንጋዩም ያማረ ነው፤ ይኸን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ሽታው ከየት እንደመጣ ለማየት ወርደን ብንመለከት፥ ከአዲሱ ግንብ ሥር አንድ ቧንቧ ጥቁር ውሃ ወደ ወንዙ ሲያፈስ አየን። ቆመን ስንወያይ አንድ ጥበቃ መጣና «ልጆች፥ እዚህ መቆም አይቻልም፤ እለፉ» አለን። አልፈን ሄድን። እኔ ግን ያ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። በቀየት የሚጮኸው የውሃውን ደንብ በሚያፈርሰው ላይ ነበር፤ እዚህ የሚጮኹብን ስላየን ነው።

ያ ጥቁር ውሃ ወዴት ይሄዳል? ግንፍሌና ባንትይቀጡ ወደ ቀበና ይገባሉ፤ ቀበናም ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ውሃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ጎመኑና ሰላጣው ይጠጣዋል፤ ያንኑ ጎመን እኛ በምሳ እንበላዋለን። አዋሽ ደግሞ የአዳማ ሰው አጣርቶ የሚጠጣው፥ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን የሚያጠጣው፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። በቀየት ሥርዓት ከተማችን የተቀመጠችው ከላይ፥ ከመቅጃው ቦታ ላይ ነው፤ የምትሠራው ግን ከታች እንዳለ ሰው ነው።

እንግዲህ ስለ ብስክሌት ሽርሽር የምለው ይኸ ነው፤ ዋጋው ቀስ ማለቱ ነው። ይኸን ስል እሽቅድምድምን መናቄ አይደለም። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለአገራችን በብስክሌት ሲወዳደሩ፥ ፀጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር ሲሰለፍ፥ ያደረጉት ነገር የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ተወዳዳሪ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጎማ ነው፤ ወንዙን የሚያይ ሥራ የሌለው ነጂ ነው። በእግር የሚሄድ ሰውም ያያል፤ ሆኖም በአንድ ጧት ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ፒኮክ ያለውን ውሃ በሙሉ አይቶ ሊመለስ አይችልም። ብስክሌት በዝግታ ሲነዳ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው፤ ቧንቧ ለማየት እስኪያስችል ያዘገማል፥ ከቧንቧ ወደ ቧንቧ እስኪያደርስ ይፈጥናል።

ከፍታው ያደክማል የሚሉ አሉ። እንጦጦ 3 ሺህ ሜትርን ያልፋል፤ አቃቂ ደግሞ ከዚያ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ መውረዱ ደስታ፥ መመለሱ ላብ ነው። ይሁንና የኮሎምቢያዋ ቦጎታ 2 ሺህ 600 ሜትር ላይ ሆና፥ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በየእሑዱ ጎዳናዎቿን ለብስክሌትና ለእግረኛ ትከፍታለች፤ አሁን የሚከፈተው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኛ ደጋ የለመድን ሰዎች ሳንባችን ከእነርሱ በምን ያንሳል? ሜዳ የሚሻ ደግሞ ባሕር ዳርን ይመልከት፤ በዚያ ተማሪውም ሠራተኛውም ማንም «የት ልትደርስ ነው» ሳይለው ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት የራሱ መሥመር አለው።

የሲንጋፖር ምሳሌ ግን የተለየ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. መሪያቸው ወንዙ በ10 ዓመት ውስጥ እንዲጠራ ባዘዙ ጊዜ፥ መጀመሪያ የተሠራው የፍሳሹ መሥመር ነው፤ የአሳማና የዳክዬ ርባታው ተነሣ፥ በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብም ወደ መንግሥት ቤቶች ተዛወረ። በ1987 ዓ.ም. ወንዙ ጠርቶ ነበር። የመዝናኛው መንገድ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ አካሄድ ድንጋዩን አስቀድሞ ውሃውን አስከትሎ ይመስላል። ተሳስቼ ከሆነ የሚያርመኝ መሐንዲስ በሚቀጥለው ቍጥር ይጻፍ፤ ደስ ይለኛል።

ስለ መዛወር ካነሣሁ አንድ የማልዘለው ነገር አለ። እኔ በእሑድ የምንሸራሸርበት ንጣፍ አንዳንዱ ቦታ ላይ ትናንት የሰው ማጀት ነበር። ከፒያሳ፥ ከካዛንችስ፥ ከወንዞቹም ዳር ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ጎርፍ ከሚያሰጋው ቦታ ሰውን ማንሣት ደኅና ሐሳብ ነው የሚል አለ፤ በብዙው እስማማለሁ። ነገር ግን ዕድሩ፥ ጎረቤቱ፥ የልጆቹ ትምህርት ቤት፥ ጉልቱ አብሮ አልተነሣም። አንድ ቀን ጎማዬ ተንፍሶ ስለጥፍ አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት፥ በእጃቸው ወደ አንድ የአበባ መደብ እያመለከቱ «ቤቴ እዚያ ጋ ነበር» አሉኝ። የመጡት ለማየት ብቻ ነበር። እኔም መንገዱን ወደድኩት ስል እፍረት ቢጤ ይሰማኛል፤ መውደዴን ግን አልተውኩም። ቢያንስ እነዚያ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ቢመጡ በነጻ የሚገቡበትና ቁጭ የሚሉበት ሥፍራ ይሁን እላለሁ።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልመለስ። ለተማሪ ብስክሌት መግዛት የማይታሰብ ነው፤ ኪራዩም ቢሆን ለሰዓት የሚጠየቀው የአንድ ቀን ምሳን ይበላል። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ለመዝናኛ ከሚያወጣው ገንዘብ ቆጥሮ አሥር ያገለገሉ ብስክሌቶች ይግዛ። ፓምፕ፥ መለጠፊያና ትርፍ ካቴና ይጨመር፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ጥገናውን ይዩት፤ እኛ የአርት ፋኩልቲዎች መዝገቡን እንይዛለን፤ መቼም ከዚህ የበለጠ አትመኑን። ከአሥሩ አምስቱ ለሴት ተማሪዎች በተለይ ይያዙ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ እኅቶቻችን በልጅነታቸው ብስክሌት ያልነዱት ስላልፈለጉ ሳይሆን ስለ ተከለከሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ጎዳና ሳይወጡ በግቢው ሜዳ ይለማመዱ። የሚስቅ ወንድ ካለ ብስክሌቱን ገፍቶ ዳገቱን ይውጣ።

በየእሑዱም ከሽርሽሩ በኋላ ያየነውን በአንድ ደብተር እንጻፍ፤ በየትኛው ድልድይ ሥር ቧንቧ እንደሚፈስ፥ የት ቆሻሻ እንደ ተከመረ፥ የትስ ውሃው እንደ ጠራ። ጥበቃው «እለፉ» ቢለን እናልፋለን፤ በሳምንቱ ግን እንመለሳለን። የደብተሩ ግልባጭ በየወሩ በዚህች መጽሔት ይውጣ፥ አንዱም ለከተማው አስተዳደር ይላክ። የኮሪደሩ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞችም ደርሷል። የእኔዋ ደብረ ብርሃን በሬሳን የሚያህል ወንዝ አላት፤ በሬሳ ወደ ጀማ፥ ጀማም ወደ ዓባይ ይሄዳል። የዚያ አካባቢ ልጆች የሆናችሁ ተማሪዎች፥ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት በሬሳን ደግሞ እናንተ በደብተር ያዙልን።

ማኅበሩ እስኪወስን ድረስ እኔና ሁለቱ ጓደኞቼ በሚመጣው እሑድ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ በስድስት ኪሎ ሐውልት አጠገብ እንገኛለን። ብስክሌቱ እንደ ተለመደው ሁለት ነው፤ አራተኛና አምስተኛ የሚሆን ቢመጣ ተራው ይረዝማል እንጂ አይቀርም። የኢኮኖሚክሱ ተማሪም ተጋብዟል።

ከአርት ፋኩልቲ፥ የ3ኛ ዓመት ተማሪ