በሽታውን የደበቀ ሆስፒታል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ለታካሚ ስንመክረው የኖርን ተረት ነው። ለሆስፒታል ግን ማን ይምከረው? ሆስፒታሎቻችን ጉድለታቸውን እርስ በርስ ካልተነጋገሩ፣ ስንት ማሽን ቢገዛላቸው አይድኑም። የምሟገተው ለዚህ ነው።

አቃቂ ቃሊቲን እንውሰድ። ፋብሪካው፣ ጉምሩኩ፣ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ፣ የኮንዶሚኒየሙ ሕዝብ፣ ሁሉም እዚህ ነው። ምጥ የጠናባት እናት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ከባሰባትም ወደ ጳውሎስ ወይም ጥቁር አንበሳ። ለእሷ ይሄ ሁሉ አንድ ሕክምና ነው። ለተቋማቱ ግን ሦስት በር፣ ሦስት ካርድ፣ ሦስት ሪፖርት ነው። በበሮቹ መካከል የጠፋውን ሰዓት የሚቆጥረው ማነው?

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ጥምረትን አቋቁሟል። ሆስፒታሎች በክላስተር ይቧደናሉ፤ የተሻለ የሠራው መሪ ሆኖ ሌሎቹን ያግዛል። የመጀመሪያው ዙር ትኩረት የታካሚ እርካታ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ጠቤ ከሐሳቡ ጋር አይደለም። ጠቤ መሪነትን በነጥብ፣ ነጥብን በሽልማት ከሚያስር አሠራር ጋር ነው። ዋንጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ባለፈው ወር እኛ ጋ የሞተችውን እናት ማዳን እንችል ነበር» ብሎ የሚናገር የትኛው ሥራ አስኪያጅ ነው? ሞኝ ካልሆነ በቀር ማንም።

የአቃቂው ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ካመጣቻቸው ወርቆች ነው። ስሙ ያኩራል። ነገር ግን ሩጫ ላይ አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ ሕክምና ሩጫ አይደለም። ሆስፒታሉ አንደኛ ወጥቶ ሪፈር የሚልክለት ጤና ጣቢያ ቢወድቅ፣ እናቲቱ ምን አተረፈች?

ያለ ዋንጫ የሠራም አለ። አሜሪካ ውስጥ በሜይን፣ በኒው ሃምፕሻየርና በቨርሞንት ግዛቶች የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ 5 ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1987 ተሰባሰቡ። ስንት ሰው እንደሞተባቸው ቆጥረው አንዱ ለሌላው አሳየ። ከዚያ እየተዟዟሩ አንዱ የሌላውን ቀዶ ሕክምና ክፍል አዩ፤ የሄደው ደግሞ ሰርጀኑ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚሠራው ቡድንም ጭምር ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲታተም በሆስፒታል የሚሞተው ታካሚ ከሚጠበቀው በ24 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አዲስ መድኃኒት አልፈጠሩም። ተያዩ፣ ተማማሩ፣ በቃ።

«ደመወዝ ሳይበቃን፣ ጓንት ሳይኖረን ምን መማማር ነው?» የሚል ባለሙያ ይኖራል። እውነቱን ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሐኪሞችና ነርሶች ያሰሙት የደመወዝ ጥያቄ በስብሰባ አይመለስም፤ መረዳዳትም የበጀት ምትክ አይደለም። ግን ይሄንንም እዩት፦ በአገራችን እናቶችን በመግደል ቀዳሚው ከወሊድ ጋር የሚመጣ የደም መፍሰስ ነው። ደሙን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሙቀት ላይ ከከረመ ጉልበቱ ይደክማል። አንዱ ጋ ፍሪጁ ሲበላሽ ጎረቤቱ እንዲያውቅና መድኃኒቱን እንዲያስቀምጥለት ስልክ ይበቃል። ስልኩን የሚያስደውለው ግን መተማመን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከሽልማቱ በፊት ሞቱ ይቆጠር፤ የእናቶች ሞት ቅኝት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ሁለተኛ፣ ስብሰባው የሥራ አስኪያጆች ብቻ አይሁን፤ ሌሊት ተረኛ የሆነችው አዋላጅ ነርስ ትግባ። ሦስተኛ፣ ሪፈር የጻፈው ባለሙያ የላካት እናት ምን እንደሆነች በማግስቱ ይነገረው። መልስ የማያገኝ ሰው ከየት ይማራል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው በየአዳራሹ ባነር ላይ ተጽፎ ሰልችቶናል። ድሩ በየፊናው ተንጠልጥሎ አንበሳው እየተንጎራደደ ነው። ባነሩን አውርዱና ድሩን ቋጥሩት።