ጥፋት የሌለበት ምሕረት የለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሐይቅ ስመለስ ታናሽ እኅቴ «ፒኖኪዮ» የተሰኘውን ፊልም አብሬያት እንድመለከት ለመነችኝ። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣውን ካርቱን በልጅነቴ ወድጄው ስለ ነበር፥ እ.ኤ.አ. በ2022 በተዋንያን ታድሶ የቀረበውንም መልካም ይሆናል ብዬ ፈቀድሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን እኅቴ «ወንድም ጋሼ፥ ውሸት እኮ ጠቀመው» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። በቀድሞው ካርቱን የእንጨቱ ልጅ ተቆልፎበት ሳለ ልትረዳው የመጣችውን ይዋሻታል፤ በዋሸ ቁጥር አፍንጫው ይረዝማል፥ ቅጠልም ያወጣል። ተጸጽቶ ይቅርታ ሲለምን አፍንጫው ይመለስለታል፥ ከእስራቱም ይፈታል። በአዲሱ ፊልም ግን ደጋግሞ የሚዋሸው አፍንጫው ረዝሞ ወደ ቁልፉ እንዲደርስለት ነው። በመጀመሪያው ያስፈታው ጸጸት ነበረ፤ በሁለተኛው ያስፈታው ውሸት ሆነ።

ሌላም አለ። የቀድሞው ፒኖኪዮ ሕፃናት እንዳሻቸው በሚሆኑበት ደሴት ሲጋራ ያጨሳል፥ ቢራም ይጠጣል። አዲሱ ግን በባልንጀሮቹ ጥፋት የሚከፋ ጨዋ ልጅ ነው። አዘጋጆቹ ሕፃናትን ከክፉ አርአያ ለመጠበቅ አስበው ይሆናል፤ አሳባቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን ያልጠፋ ልጅ ተመለሰ አይባልም።

የእኛ አባቶች እንዲህ አላደረጉም። የበላዔ ሰብእ ታሪክ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ሲተረክ ሕፃናትም ቆመው ይሰማሉ። 78 ሰዎችን መብላቱን «ልጆች ይደነግጣሉ» ብሎ ያስቀረ መምህር አልሰማሁም። ጥፋቱ ቢደበቅ፥ ስለ እመቤታችን ስም ለተጠማው የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ማመዘኑ ምን ይደንቀናል? ጌታችንም ስለ ጠፋው ልጅ ሲያስተምር የእሪያዎችን ምግብ እስከ መመኘት መድረሱን አልሸሸገም። የውድቀቱ ጥልቀት የአባቱን ፍቅር ያሳያልና።

ስለዚህ ፊልም ሁሉ ይከልከል አልልም። የምለው ወላጆችና እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን «የልጆች ነው» ብለን ስልኩን ሰጥተን አንሂድ ነው። አብረን እንቀመጥ፤ ሲያልቅም «ምን አጠፋ? እንዴትስ ይቅር ተባለ?» ብለን እንጠይቅ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ባፈሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ እያደጉ ያሉ ልጆች ከእኛ ይህን ያህል ሊያጡ አይገባም።

እኅቴ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ ከእንግዲህ በንስሐ አባቷ ፊት ትቀርባለች። በዚያ ፊት ውሸት ቁልፍ እንዳልሆነ ማወቅ አለባት። በዚያው ምሽት የቀድሞውን ታሪክ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ይቅርታ ካለ በኋላ አፍንጫው ወዲያው ተመለሰለት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወዲያው» አልኋት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።