አሮጌ መኪና ለያዛችሁ እኩዮቼ፦ ማስጠንቀቂያ

እኩዮቼ ሆይ፣ አሮጌ መኪናችንን ይዘን ገና ብዙ እንቆያለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። እናም በእጃችን ያለችውን ኮሮላ ወይም ቪትዝ እያስጠገንን መኖር ግድ ሆኗል። እኔን የሚያስፈራኝ እግሯ መንኳኳት ሲጀምር በትንሽ ብር አሻሽላታለሁ ብለን የምንፈጽመው ነገር ነው። ስሙኝ፤ ከኋላ ወንበር የምናስቀምጣቸው የልጅ ልጆቻችን ነፍስ ያለው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምንገዛውን እንወቅ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። የአሞርዛተሩ ሥራ የሞላውን ውዝዋዜ ማብረድ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የንዝረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ሲያልቅ ሞላው እንዳሻው ይዘላል፣ ጎማውም መሬት ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ፍሬን ቢይዙት አያቆምም፣ መሪ ቢያዞሩት አይታዘዝም። ይህ ጉድለት ቀስ በቀስ ስለሚመጣ እጃችን ይለምደዋል። ብዙ ዘመን የነዳን ሰዎች የምንታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ልምዳችን ጉድለቱን ይሸፍነዋል፣ ሕፃን ድንገት መንገድ እስኪገባ ድረስ።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ቀዳሚዎቹ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙት ዕቃዎች ናቸው፦ ቴስቲናው፣ ቦል ጆይንቱ፣ ጎሚኒው፣ ኩሽኔታው። መኪናዋን በክሪክ አስነሡ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ከሥሯ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። ጎማውን ከላይና ከታች፣ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። ከላላ ሌላው ወጪ ሁሉ ይቆይ። ቦል ጆይንት የወለቀ ዕለት ጎማው ይገነደሳል፤ ያን ጊዜ የነጂ ብልሃት አያድንም።

ጎሚኒ በዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ለውጡ ግን ወዲያው ይታወቃል። ሃያ ዓመት ባለፋት መኪና ላይ ላስቲኩ ደርቆ ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ። ሲቀየር ግን አጠገቡ ቁሙ። ጎሚኒውን የያዘው የብራቾ ቡሎን የመጨረሻው ማጥበቂያ የሚደረገው መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ፣ ክብደቷን ጥላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቀ፣ ስትወርድ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ ጊዜውን ሳይጨርስም ይቀደዳል። ያኔ ጥፋቱን ለዕቃው እንሰጣለን።

ቀጥሎ አሞርዛተሩ ነው። ዘይት ካለቀሰ፣ ጎማው በየቦታው እየጎደጎደ ከተበላ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ ፊት ከሰገደች ጊዜው አልፏል። የፊቶቹን ሁለቱን አንድ ላይ፣ የኋላዎቹንም ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱን ብቻ መቀየር ቀኝና ግራውን የተለያየ ያደርገዋል፤ ይህም በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ ይፈርድባችኋል። በር፣ መስታወት፣ መብራት ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ብትገዙ አልከለክልም። ያገለገለ አሞርዛተር ግን አትግዙ፤ ያለቀውን በሌላ ያለቀ መተካት ነው። ተቀድዶ፣ ዘይት ተሞልቶ፣ በብየዳ የተዘጋውንም አትቀበሉ፤ የብየዳው ሙቀት ማሸጊያውን ይጎዳዋል። ካያባ የሚል የፋብሪካ ስም ያለበት ሁሉ ካያባ አይደለምና ከምታውቁት ሻጭ፣ በደረሰኝ ግዙ።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። ኮሮላና ቪትዝ የፊት እግራቸው የተሠራው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘዴ ነው። በዚህ አሠራር አሞርዛተሩ ንዝረት ከማብረዱም በላይ ጎማውን ከላይ የሚይዝ ምሶሶ ነው፤ መሪ ስታዞሩ አብሮ ይዞራል። እሱ ሲደክም መሪውም ይደክማል። በላዩ የታመቀው ሞላ ደግሞ ሰው የመግደል ጉልበት አለው። ማመቂያ መሣሪያ የሌለው፣ በሽቦ አስሬ እፈታዋለሁ የሚል ሰው መኪናችሁን አይንካ።

አሁን ደግሞ መኪና ከፍ ስለ ማድረግ። ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻው ሆዷን ሲመታት ስፔሰር አስገብተን ከፍ እናደርጋታለን። ሲገባ ዋጋው ትንሽ ነው፤ መዘዙ ግን ይከተላል። ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ አንግሉ ይለወጣል፣ መገጣጠሚያው ቶሎ ይበላል፣ የመኪናዋም ሚዛን ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ያለች መኪና በመታጠፊያ ላይ እንደ ቀድሞዋ አትይዝም። ሞላ በእሳት አሙቆ መዘርጋት ከዚህ ይብሳል፤ ብረቱ የተሠራበትን ጥንካሬ ያጣል፣ መቼ እንደሚሰበርም አይታወቅም። መኪናዋ የዘቀጠችው ሞላው ደክሞ ከሆነ መፍትሔው ለሞዴሏ የተሠራ አዲስ ሞላ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው የምንሄድበትን መንገድ ስለማውቀው ነው። ለፋሲካ ቤተሰብ ጭነን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። አምስት ሰው፣ በዚያ ላይ ጓዝ፤ ሞላው ተጨፍልቆ፣ ፍሬኑ ግሎ፣ አሞርዛተሩ ባዶ ሆኖ ወደዚያ ገደል መጠምዘዣ መግባት እግዜርን መፈታተን ነው። ቦሎ መለጠፋችንም ዋስትና አይሆነንም፤ ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ መንገዱ ግን ሁልጊዜ ነው።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል። የላላውን ዕቃና የተቀደደውን ጎሚኒ ቀይሩ፣ አሞርዛተሩን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ግዙ፣ በመጨረሻም አላይመንት አሠሩ፤ ያለ እሱ አዲሱ ዕቃ ጎማችሁን ይበላዋል። ሁሉን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልቻላችሁ የላላውን ዛሬ፣ አሞርዛተሩን ገንዘቡ ሲሞላ አድርጉት፤ እስከዚያው በከተማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ረጅሙን መንገድ ግን በእሷ አትውጡ፤ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ልጆቻችሁ አባታችን መኪና እያለው በአውቶቡስ ወሰደን ብለው ቢያጉረመርሙ ቻሉት። ያንን ቅሬታ የምንችለው እነሱ በሕይወት ስላሉ ነው።